የኮሌጅ ዕድል ግምገማ በሐዋሳ፦ የትኛው አገልግሎት ያዋጣል?

አሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት ለሚያስቡ የሐዋሳ ልጆች ፍርዱን ከፊት እናስቀድም። «ሃርቫርድ የመግባት ዕድልህ 23 በመቶ ነው» የሚል ወረቀት አትሞ ለሚሰጥ አገልግሎት ገንዘብ መክፈል አይገባም። ሐዋሳ ውስጥ የውጭ ትምህርት ጉዳይ የሚያስፈጽሙ ቢሮዎች ሁሉ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም፤ ሰነድ በማደራጀትና ፎርም በማስሞላት የሚያስመሰግን ሥራ የሚሠሩ አሉ። ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው፤ ከሐዋሳ ለሚያመለክት ልጅ እንዲህ ያለ መቶኛ የሚወጣበት መረጃ የለም። ሊሰላ የሚችለውና የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ የትኛው ኮሌጅ ለውጭ ተማሪ ምን ያህል የገንዘብ እርዳታ ይሰጣል፣ በዓመትስ ለስንት ሰው? ሦስቱን አገልግሎቶች፣ ማለትም የኢንተርኔት ካልኩሌተሮችን፣ የሐዋሳ ቢሮዎችንና ኤጁኬሽን ዩ ኤስ ኤ የተባለውን ነፃ ምክር፣ የመዘንነው ይህን ጥያቄ ምን ያህል ይመልሳሉ ብለን ነው።

ከነፃዎቹ የኢንተርኔት ካልኩሌተሮች እንጀምር። ተማሪው አማካይ ውጤቱን፣ የኤስ ኤ ቲ (የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ነጥቡንና ከክፍል ውጭ የሚሠራውን ያስገባል፤ በየኮሌጁ መቶኛ ይወጣለታል። የተሠሩት የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ታሳቢ አድርገው ስለሆነ የመጀመሪያው ስህተት ገና ውጤት ሲገባ ይፈጠራል። ካርዱ ላይ 91 ያለው ልጅ በ4.0 ስኬል እንዲጽፍ ይጠየቃል። 91ን በ100 አካፍሎ በ4 ቢያባዛ 3.64 ያገኛል። በአሜሪካ የፊደል ውጤት ቢመነዝር 3.7 ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ማርክ በቀላሉ የማይሰጥ፣ የባቹ ከፍተኛ ውጤትም 91 ከሆነ ደግሞ ልጁ አንደኛ ነው፤ 4.0 ካለው አሜሪካዊ የሚያንስበት ምክንያት የለም። አንድ ልጅ ሦስት ቁጥር ይዞ ሦስት የተለያየ «ዕድል» ያገኛል ማለት ነው፣ ራሱ ምንም ሳይለወጥ። ኮሌጆቹ እንዲህ ያለ ቅየራ አይፈልጉም። ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ፎርም በሚያመለክቱበት ድረ ገጽ፣ ኮመን አፕ ላይ፣ የውጤት ስኬሉን 100 ብሎ መምረጥ ይቻላል፤ ውጤቱን እንዳለ ማስገባት ነው የሚሻለው።

ቀጥሎ ካልኩሌተሩ ስንት የኤ ፒ ኮርስ (ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) ወሰድክ ይላል። መልሱ ዜሮ ነው፤ ዜሮውን ቀላል ትምህርት እንደመረጠ ተማሪ ቆጥሮ ዕድሉን ያወርደዋል። ማመልከቻ የሚገመግሙት የኮሌጅ አንባቢዎች አሠራር ከዚህ ይለያል። ተማሪውን የሚመዝኑት ትምህርት ቤቱ ከሚያቀርበው አንፃር ነው፤ ኤ ፒ በሌለበት ኤ ፒ አለመውሰድ አይቆጠርበትም። ግን ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያቀርብ አንባቢው ማወቅ አለበት፤ እሱን የሚነግረው ስኩል ፕሮፋይል የሚባለው ወረቀት ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን፤ የአንድ ቢሮ ጥራት የሚለካው እዚያ ላይ ነውና።

ሌላው ግድፈት መነሻ ቁጥሩ ነው። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2024 መኸር ለገባው ባች 54,008 ማመልከቻ ተቀብሎ 1,937 ሰው ወሰደ፤ 3.6 በመቶ ማለት ነው። ኤም አይ ቲ በዚያው ዓመት ከ28 ሺህ በላይ አመልካቾች 4.5 በመቶ ያህሉን ሲቀበል ከውጭ አገር ካመለከቱት ያለፉት ግን ወደ 2 በመቶ ብቻ ናቸው። አጠቃላዩን ቁጥር ይዞ የሚነሳ ካልኩሌተር ለውጭ ተማሪ ገና ከመነሻው እጥፍ አድርጎ ይነግረዋል። ከዚያ 2 በመቶ ውስጥም ሙሉ እርዳታ የሚፈልገውና ሙሉ ክፍያ የሚከፍለው አንድ ላይ ተቀላቅለዋል። ወደ ኢትዮጵያ ሲወርድ ደግሞ በአንድ ኮሌጅ በዓመት የሚገባው ሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከዚያ ላይ መቶኛ ማውጣት አይቻልም።

አንድ ስሌት ደግሞ በቴሌግራም ቻናሎች እየተዘዋወረ ብዙ ልጆችን አሳስቷል። «በእያንዳንዱ ኮሌጅ 5 በመቶ ዕድል ካለህ፣ 10 ኮሌጅ ስታመለክት ቢያንስ በአንዱ የመግባት ዕድልህ 40 በመቶ ይሆናል» ይላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ 0.95 ለራሱ አሥር ጊዜ ሲባዛ 0.60 ገደማ ይመጣል፣ ቀሪው 40 በመቶ። የሚሠራው ግን አሥሩ ውሳኔዎች እርስ በርስ ካልተያያዙ ነው። እነሱ ደግሞ ተያይዘዋል። ለአሥሩም የሚሄደው አንድ ድርሰት፣ አንድ ትራንስክሪፕት፣ የአንድ መምህር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሦስት መስመር ከሆነ ለአሥሩም ሦስት መስመር ነው፤ ቤተሰቡ መክፈል የሚችለው 1,000 ዶላር ከሆነ ለአሥሩም 1,000 ዶላር ነው። በአንዱ የሚጥለው ምክንያት በሌላውም ይጥለዋል። የኮሌጅ ቁጥር ማብዛት የሚጠቅመው ኮሌጆቹ በእርዳታ አሰጣጣቸው ከተለያዩ ነው፤ ካልተለያዩ ትርፉ ወጪና ድካም ነው።

ስለዚህ ካልኩሌተሩን ጨርሶ መተው ነው? አይደለም። የኮሌጆችን የኤስ ኤ ቲ ስፋት በአንድ ገጽ ለማየት ይጠቅማል። ከዚያ በላይ አይመኑት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ገንዘቡ። እንደ ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ ያሉ ኮሌጆች የዓመት ወጪ ትምህርቱ፣ መኝታውና ምግቡ ተደምሮ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሐዋሳ ላይ ይህን የሚከፍል ቤተሰብ ከሞላ ጎደል የለም። ስለዚህ «እገባለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ትክክለኛው ጥያቄ «ሙሉ እርዳታ ጠይቄ እገባለሁ ወይ?» ነው። ኮሌጆቹ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። ኒድ ብላይንድ የሚባሉት ሲወስኑ የመክፈል አቅምን አያዩም፤ ከእነሱም ከወሰኑ በኋላ የጎደለውን ሁሉ የሚሞሉ አሉ። ለውጭ ተማሪም ጭምር ይህን ከሚያደርጉት መካከል ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ዳርትመዝና ቦውደን ተጨመሩ፣ ብራውን ደግሞ በ2025 መኸር ከገቡት ጀምሮ። ኒድ አዌር የሚባሉት እርዳታ መጠየቅን በውሳኔው ውስጥ ያስገባሉ። ስታንፎርድ፣ ኮሎምቢያ፣ ኮርኔልና ፔን ለውጭ ተማሪ በዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ ቦታዎች ላይ ያለ እርዳታ የሚገባ ጎበዝ ልጅ እርዳታ ስለጠየቀ ብቻ ሊቀር ይችላል። የትኛውም ካልኩሌተር ይህን ልዩነት በቅጡ አይዝም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ልጆችን የሚያበላሽ ምክር አለ፦ «እርዳታ አልፈልግም ብለህ ሙላ፣ ከገባህ በኋላ ትጠይቃለህ»። ስታንፎርድን ጨምሮ ብዙ ኮሌጆች ሲያመለክት እርዳታ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በአራቱም ዓመት እንዳይጠይቅ ይከለክላሉ። ልጁ ቢገባ እንኳ የክፍያ ማስረጃ ካላቀረበ ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን ሰነድ፣ አይ 20ን፣ አይሰጠውም፤ ያለ አይ 20 ደግሞ ቪዛ የለም። ይህን ምክር የሚሰጥ ቢሮ ሥራውን አያውቅም፣ ወይም ያስመዘገበውን ሰው ቁጥር ብቻ ነው የሚያስበው።

የገንዘቡን መረጃ ማግኘት ከባድ አይደለም። አብዛኞቹ ኮሌጆች በየዓመቱ ኮመን ዳታ ሴት የተባለ ሰነድ በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። የኮሌጁን ስም ከዚህ ቃል ጋር ጎግል ላይ መፈለግ ይበቃል፤ በስልክ የሚከፈት ፒ ዲ ኤፍ ነው። ከውስጡ አራት ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ሲ 1 የአመልካችና የተቀባይ ብዛት ነው፤ በቅርብ ዓመታት ቅጾች አንዳንድ ኮሌጆች የውጭውን ለብቻ ያሳያሉ። ሲ 7 ኮሌጁ ለምን ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ይናገራል፦ ለትምህርት ውጤት፣ ለድርሰት፣ ለመምህር ደብዳቤ፣ ለፈተና። ሲ 9 የፈተና ነጥብ ነው። ኤች 6 ደግሞ ሐዋሳ ላለ ልጅ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ስንት የውጭ ተማሪ ከኮሌጁ እርዳታ እንዳገኘና አማካዩ ስንት ዶላር እንደሆነ ይጽፋል።

ኤች 6 እንዴት እንደሚነበብ በምሳሌ እናሳይ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ያስቀመጥናቸው ናቸው። አንድ ኮሌጅ 160 የውጭ ተማሪ በአማካይ 72,000 ዶላር አግኝቷል ይላል እንበል። 160 የአራት ዓመት ተማሪ ስለሆነ ለ4 ይካፈላል፤ በዓመት ለ40 አዲስ ሰው ገደማ፣ ከመላው ዓለም። አማካዩ ከጠቅላላ ወጪው ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ይህ ኮሌጅ ሲሰጥ ሞልቶ ይሰጣል። ሌላው ኮሌጅ 400 ተማሪ፣ በአማካይ 18,000 ዶላር ይላል። ላይ ላዩን ሲያዩት የበለጠ ቸር ይመስላል፣ ብዙ ቢሮዎችም «ስኮላርሺፕ በብዛት ይሰጣል» ብለው የሚያስተዋውቁት እንዲህ ያለውን ነው። ግን በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ጉድለት ይተዋል። ሐዋሳ ላለ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ የመጀመሪያው በር ጠባብ ነው፣ ሁለተኛው ዝግ ነው። ይህን ለማወቅ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ለአንድ ኮሌጅ።

ሲ 9 ላይ የሚታዩት ሁለት ቁጥሮች 25ኛውና 75ኛው ፐርሰንታይል ናቸው፤ ከገቡት ሩቡ ከመጀመሪያው በታች፣ ሩቡ ከሁለተኛው በላይ ነው። ኤም አይ ቲ ላይ የሒሳቡ 780 እና 800 ነው፤ ከገቡት ግማሹ በዚህ መካከል ነው ማለት ነው። ከታችኛው ቁጥር በታች ካሉት ብዙዎቹ ሌላ የሚያስገባቸው ምክንያት ያላቸው ናቸው፣ ለምሳሌ ኮሌጁ ለስፖርት ቡድኑ የመለመላቸው። ሙሉ እርዳታ የሚፈልግ የውጭ ተማሪ ዓይኑን ወደ ላይኛው ቁጥር ቢያደርግ ይሻላል። ይህ ሲባል ግን ያነሰ ነጥብ ይደበቅ ማለት አይደለም። ዳርትመዝ እ.ኤ.አ. በ2024 ፈተናን እንደገና ግዴታ ሲያደርግ ያቀረበው ምክንያት ይህ ነበር፤ ከዝቅተኛ ገቢ የመጡ ልጆች ቢልኩት ይጠቅማቸው የነበረውን ነጥብ ዝቅ ያለ መስሏቸው ሳይልኩ ቀርተዋል። አንባቢው ትምህርት ቤቱን ለማያውቀው ልጅ፣ ለምሳሌ ከሐዋሳ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚያመለክት፣ ነጥቡ የትራንስክሪፕቱ ምስክር ነው። ፈተና በፈቃድ በሆነበት ኮሌጅም ጥሩ ነጥብ ካለ መላክ ነው።

ፈተናውን በተመለከተ ቢሮዎች ሳይነግሩ የሚያልፏቸው ነገሮች አሉ። ኤስ ኤ ቲ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከአሜሪካ ውጭ በዲጂታል ነው የሚሰጠው፣ ብሉቡክ በተባለ አፕ። 98 ጥያቄ፣ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። በስልክ አይቻልም፤ ላፕቶፕ ወይም አይፓድ ያስፈልጋል፣ ባትሪው ደግሞ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚቆይ መሆን አለበት። ያረጀ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ተውሶ መሄድ ትልቅ አደጋ ነው። ኢንተርኔት የሚፈለገው ሲጀመርና መልስ ሲላክ ነው፤ መሃል ላይ ቢቋረጥ ፈተናው ይቀጥላል። ዱኦሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተና ግን የተለየ ነው፤ ቤት ሆኖ የሚፈተኑት ስለሆነ መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ከሄደ ይቋረጣል። መብራት በሚያስቸግር ሰፈር ያለ ልጅ የስልክ ዳታ በተጠባባቂነት ይዞ፣ ቻርጅ በሞላ ላፕቶፕ፣ ድምፅ በሌለበት ክፍል ቢቀመጥ ይሻላል። ለኤስ ኤ ቲ ዝግጅት መክፈል ግዴታ አይደለም። ብሉቡክ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች አሉት፣ ካን አካዳሚም ትምህርቱን በነፃ ይሰጣል። ለዝግጅት የሚያስከፍል ቢሮ እነዚህን ነፃ ነገሮች አትሞ እየሸጠ እንዳይሆን ይጠይቁ።

ወጪው ላይ ብዙ ቤተሰብ ይደናገጣል። እ.ኤ.አ. በ2024–25 የትምህርት ዘመን ኤስ ኤ ቲ 68 ዶላር፣ ለውጭ ተፈታኝ ደግሞ 43 ተጨምሮ 111 ነበር። አሜሪካ ላልሆነ፣ ዜግነቱም አሜሪካዊ ላልሆነ ልጅ የኤስ ኤ ቲ ክፍያ ምሕረት የለም። ዱኦሊንጎ 70 ዶላር ገደማ ነበር። ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የተባለው የእርዳታ ፎርም ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25፣ ለተጨማሪው እያንዳንዳቸው 16 ነው፤ ለ8 ኮሌጅ 137 ዶላር። ሲደመር 318። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ ዶላር በ57 ብር ገደማ ሳለ፣ ይህ 18 ሺህ ብር ያህል ነበር። በ120 ብር ቢሰላ እንኳ ከ38 ሺህ ያልፋል። የሚቀነስበት መንገድ ግን አለ። ነጥብን ራስን ችሎ ፎርም ላይ መጻፍ ብዙ ኮሌጆች ይቀበላሉ፤ ይፋዊው የሚላከው ከገቡ በኋላ ነው። ከሲ ኤስ ኤስ ይልቅ ነፃ የውጭ ተማሪ ፎርም የሚቀበሉ፣ ወይም ሲጠየቁ የነፃ መሙያ ኮድ የሚልኩ ኮሌጆች አሉ፤ ለእርዳታ ቢሮው አጭር ኢሜይል መጻፍ ይበቃል። የኮመን አፕ ማመልከቻ ክፍያም በብዙ ኮሌጆች ለአቅመ ደካማ ይነሳል። እዚህ ላይ ቢሮው የተነሳለትን ክፍያ ከቤተሰብ እንዳይቀበል ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ደረሰኝ ይጠይቁ። የምንዛሪው ለውጥ አንድ መልካም ጎንም አለው፤ የቤተሰብ ገቢ በዶላር ሲጻፍ በዕለቱ ምንዛሪ መሆን አለበት። በድሮው ምንዛሪ የተሞላ ፎርም ቤተሰቡን ካለው እጥፍ አድርጎ ያሳየዋል፤ የሚጎዳው ልጁ ነው።

አሁን ቢሮዎቹ። ከፒያሳ እስከ አቶቴ ባሉ ሕንፃዎች ላይ ማስታወቂያቸው ይታያል። አንዱን ከሌላው ለመለየት «ዕድሌ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይረዳም። «ስኩል ፕሮፋይል ከዳይሬክተሬ ጋር ሆናችሁ ታዘጋጃላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይረዳል። ይህ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የላቸውም። በ12ኛ ክፍል ስንት ተማሪ አለ፣ በአንድ ሴክሽን ስንት ይማራል፣ ማርክ እንዴት ይሰጣል፣ የባቹ ከፍተኛ አማካይ ስንት ነው፣ ኤ ፒ ወይም አይ ቢ (ሌላ ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ፕሮግራም) እንደሌለ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ እንደሚማሩ ይጻፍበታል። በዚያ ላይ የብሔራዊ ፈተናው ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4። ይህን የማያውቅ የቦስተን አንባቢ 62 በመቶ ያመጣን ልጅ ደካማ ይለዋል። ካወቀ ግን ከአገሪቱ የላይኞቹ መሆኑን በአንድ መስመር ይረዳል። ይህን አንድ መስመር አሟልቶ የሚያስጽፍ ቢሮ ለልጁ የሚያደርገው ከየትኛውም መቶኛ ይበልጣል።

ትራንስክሪፕቱም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ደረጃ «1ኛ ከ62» ሲባል የሴክሽን ነው ወይስ የሙሉ 12ኛ ክፍል? ትምህርት ቤቱ አምስት ሴክሽን ካለው ሁለቱ በጣም የተራራቁ ናቸው፤ ዳይሬክተሩ የጠቅላላውን በደብዳቤ እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል። ዓመተ ምሕረቱ ደግሞ ሌላ ነው። ካርዱ ላይ 2016 እና 2017 ተጽፎ እ.ኤ.አ. ካልተጨመረ አንባቢው ልጁ ከስምንት ዓመት በፊት የጨረሰ ይመስለዋል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስጻፍ ያስፈልጋል። ስምም እንዲሁ፤ በካርዱ፣ በፓስፖርቱና በኤስ ኤ ቲ ምዝገባው ላይ በእንግሊዝኛ ሆሄው አንድ ካልሆነ ሰነዶቹ ሳይገናኙ ይቀራሉ። አባትና አያት የሚጻፉበትም ቅደም ተከተል በሁሉም ቦታ እንደ ፓስፖርቱ ይሁን።

ከቢሮ ጋር በሚሠራበት ጊዜ ሁለት ነገር ላይ ምንም ድርድር አይኑር። አንደኛው አካውንቱ ነው። የኮመን አፕም ኤስ ኤ ቲን የሚያዘጋጀው የኮሌጅ ቦርድም አካውንት በልጁ ኢሜይልና ልጁ ብቻ በሚያውቀው የይለፍ ቃል ይከፈት። በቢሮው ኢሜይል ከተከፈተ ኮሌጁ «ይህ ሰነድ ጎድሏል» ብሎ ሲጽፍ ልጁ አያየውም፤ ውጤቱንም የሚያየው ቢሮው ነው። ሁለተኛው የመምህር ደብዳቤ ነው። ቢሮው በመምህሩ ስም ጂሜይል ከፍቶ ደብዳቤውን ራሱ ከጻፈ ማጭበርበር ነው፤ ኮሌጁ ወደ ትምህርት ቤቱ ደውሎ ወይም ጽፎ ሊያጣራ ይችላል፣ የተገኘ ቀን የተሰጠው ቦታ ይሰረዛል። መምህሩ እንግሊዝኛ መጻፍ ቢያስቸግራቸው እንኳ ልጁ ክፍል ውስጥ ያደረገውን ሁለት ሦስት ነገር በራሳቸው ቃል ቢጽፉ፣ ሰዋስው ቢጎድለውም፣ ከተቀዳ ውዳሴ ይሻላል።

እንቅስቃሴዎች ላይ ብዙ ቢሮዎች ልጁን ክለብ እንዲያቋቁም ይገፋፉታል። በ12ኛ ክፍል በጥቅምት የተቋቋመ ክለብ ማንንም አያሳምንም። ኮመን አፕ 10 ቦታ አለው፣ ለእያንዳንዱ 150 ፊደል። ከዝርዝሩ ውስጥ የቤተሰብ ኃላፊነትና የተከፈለበት ሥራ የሚሉ ምድቦች አሉ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡን የሚያግዝ፣ እናቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ስትሆን ታናናሾቹን የሚያስጠና ልጅ ይህን በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ብሎ ይጻፍ። ካልኩሌተሩ ለዚህ ነጥብ የለውም፤ የኮሌጅ አንባቢ ግን በቁም ነገር ያነበዋል።

ሦስተኛው አማራጭ ኤጁኬሽን ዩ ኤስ ኤ ነው፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የምክር አገልግሎት፤ አዲስ አበባ ኤምባሲ ውስጥ ይገኛል። ነፃ ነው። ከሦስቱ የምንመርጠው ይህን ነው። አማካሪዎቹ ከኮሌጅ ኮሚሽን አይቀበሉም፤ ስለዚህ አንዱን ኮሌጅ ከሌላው የሚያስቀድሙበት የገንዘብ ምክንያት የለም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጣም መራጭ የሆኑት ኮሌጆች ለወኪል ኮሚሽን አይከፍሉም፤ በኮሚሽን የሚተዳደር ቢሮ ግን ልጁን ወደሚከፍለው ኮሌጅ ቢገፋው አይገርምም። ድክመቱ ርቀቱ ነው። ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ ፎርምም አይሞላልዎትም። በኢንተርኔት የሚሰጡ ገለጻዎችን መከታተል፣ ጥያቄን ደግሞ በኢሜይል መላክ መንገዱን ያስቀራል። ሲጽፉላቸው «ዕድሌ ምን ያህል ነው?» ከማለት አማካይ ውጤትን፣ ደረጃን፣ ነጥብን፣ ቤተሰብ በዓመት የሚችለውን ዶላር ጽፎ «ከእነዚህ ስምንት ኮሌጆች የትኛው አያዋጣም?» ብሎ መጠየቅ የሚረባ መልስ ያመጣል።

የኮሌጅ ዝርዝር ሲወጣ ሙሉ እርዳታ ለሚፈልግ የውጭ ተማሪ አሜሪካ ውስጥ «እርግጠኛ» የሚባል ኮሌጅ እንደሌለ ይታወቅ። እንደ ቤሪያ ያለ፣ ከማንም የትምህርት ክፍያ የማይቀበል ኮሌጅ እንኳ ለውጭ ተማሪ ያለው ቦታ ጥቂት ነው። እርግጠኛው ቦታ እዚሁ ነው፤ ብሔራዊ ፈተናውን አልፎ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግባት። ለኤስ ኤ ቲ ሲል የማትሪክ ጥናቱን ያቆመ ልጅ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። «ማትሪኩን ተወው፣ አሜሪካ ትገባለህ» የሚል ቢሮ ካለ ከዚያው መመለስ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ማመልከቻው ደግሞ በመኸርና በበጋ ስለሆነ ጊዜያቸው አይጋጭም፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለድርሰትና ለፎርም በሳምንት ስድስት ሰባት ሰዓት መመደብ ይበቃል።

ክፍያን በተመለከተ፣ ቢሮ ለመጠቀም የወሰነ ቤተሰብ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፤ ገንዘቡንም በሥራው ደረጃ ከፋፍሎ ይክፈል። ስኩል ፕሮፋይልና ትራንስክሪፕት ሲጠናቀቅ የተወሰነ፣ የእርዳታ ፎርሞች ሲላኩ የተወሰነ። «ካልገባህ ገንዘብህን እንመልሳለን» የሚለው ቃል ሲሰማ ደስ ይላል፤ ግን የትኛው ኮሌጅ፣ ከስንት እርዳታ ጋር የሚል ካልተጻፈበት ማንኛውም የመግቢያ ደብዳቤ ውሉን ይሞላል፣ 60 ሺህ ዶላር የሚጎድለውም ቢሆን።

የቀን መቁጠሪያው ጥብቅ ነው። ኮመን አፕ ሐምሌ 25 ይከፈታል። ቀደም ያለው ዙር በአብዛኛው ጥቅምት 22፣ መደበኛው ታኅሣሥ 23 አካባቢ ይዘጋል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው በአመልካቹ አገር ሰዓት ስለሆነ የሐዋሳ ሌሊት 5፡59 ነው፣ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ግን ሦስት ቀን ቀድሞ መላክ ነው። የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ውጤት የካቲት ላይ በትምህርት ቤቱ በኩል ይላካል። ውሳኔው መጋቢት አጋማሽ ላይ ይመጣል፣ መልስ የሚሰጠው እስከ ሚያዝያ 23 ነው። ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን የዳይሬክተሩና የሁለቱ መምህራን ደብዳቤ ነው፤ ልጁ 11ኛ ክፍል ሳለ ግንቦት ላይ ሊጠይቃቸው ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፣ መምህራኑም ለፈተና ቁጥጥር ወይም ወደየቤተሰባቸው ሄደዋል፤ መስከረም ላይ ደግሞ ዳይሬክተሩ ምዝገባ ላይ ናቸውና ማህተም ለማግኘት ሳምንታት ይፈጃል።